ሆዱን እንጂ ጎኑን አላየንም

ስሟን ከረቡዕ ገበያዋ በወረሰችው በሮቢት፣ ከቆቦ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና አጠገብ፣ አንድ ዕድሜ የጠገቡ አባት በደጃቸው ካለው የግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳሉ፣ በ1928 ዓ.ም. በወገኖቻችን ላይ እሳትና መርዝ ያዘነበውን የካፕሮኒ አውሮፕላን ፎቶግራፍ ከያዝኩት መጽሐፍ ውስጥ ገልጬ ባሳየኋቸው ጊዜ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ ከተመለከቱት በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህን እኔ አላውቀውም» ብለው መለሱልኝ። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ስንቅ ጭነው እስከ አሸንጌ ሐይቅ ደርሰው እንደ ነበርና የሰማዩንም መዓት በዐይናቸው በብረቱ እንዳዩ ቀደም ብለው ነግረውኝ ስለ ነበር፣ መልሳቸው ግራ አጋባኝ። እሳቸው ግን ጥቂት ካሰቡ በኋላ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉት፤ ገጹንም ወደ ታች አዙረው፣ ከሥሩ ቀና ብለው እያዩ፣ «እኛ የምናውቀው ሆዱን ነው፤ ጎኑን ማን ቆሞ አየው?» አሉኝ።

አሮጌ የጦር አውሮፕላኖችንና ሰው ለሙከራ የሠራቸውን እንግዳ በራሪዎች ፎቶግራፍ የማንሣት ፍቅር ከያዘኝ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ነገር ግን ይህ ሥራ ለአገሬ ምን እንደሚረባት በትክክል የተረዳሁት ከእኒያ አባት ደጃፍ ነው። በዚያ ቃል ምክንያት የያዝኩትን አሳብ ዛሬ ለአንባቢ ላቀርብ እወዳለሁ፤ ይኸውም በኢትዮጵያ ላይ የበረረው ሁሉ ፎቶግራፍ የተነሣው በባለቤቶቹ እጅና በባለቤቶቹ ዐይን ስለ ሆነ፣ ዛሬ በአገራችን ምድር ቆመው የቀሩት አሮጌ አውሮፕላኖች ዝገት ሳይበላቸው በኢትዮጵያውያን ካሜራ፣ ከምድር ወደ ላይ በሚያይ በኢትዮጵያዊ ዐይን ሊነሡ ይገባል፤ ይህም ይሆን ዘንድ በራቸው ሊከፈት ይገባል የሚል ነው።

አውሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በክፉ ስም አልነበረም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለችውን ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በአዲስ አበባ ባሳረፈ ጊዜ፣ እንግዳይቱ የክብር አቀባበል ተደርጎላት «ንስረ ተፈሪ» የሚል ስም ወጣላት፤ ዓመቱም ሳይፈጸም ከጀርመን የመጣች ሁለተኛ አውሮፕላን፣ ዩንከርስ፣ ተከተለቻት። ሰማዩ ለመንግሥቱ ጎዳና እንዲሆን የታሰበበት፣ ወጣቶችም የበረራን ትምህርት የጀመሩበት ያ ዘመን አጭር ነበረ፤ ከሰባት ዓመት እንኳ አላለፈም።

ሮቢት ላለችበት ለራያ ቆላ ሰው ሰማይ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። ማሽላው እሸት በሚሆንበት ወራት ልጆች በማማ ላይ ቆመው ወንጭፋቸውን እያጮሁ የግሪሳውን መንጋ ይጠብቃሉ፤ አዋቂው በደጋው ተራራ ላይ የሚነሣውን ደመና አይቶ የጎሊናን ወንዝ ሙላት ይገምታል፤ አንበጣም ቢመጣ በመጀመሪያ የሚታየው ከአድማስ ላይ እንደሚነሣ አቧራ ሆኖ ነው። በዚህ ዐይኑ ሰማይን በለመደ ሕዝብ ላይ፣ ከማንኛውም ወፍ የሚበልጥ፣ ክንፉን የማያራግብ፣ ዝናብ የሌለበት ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ የሚያሰማ ፍጡር በተገለጠበት ጊዜ ምን እንደ ተሰማው ልናስበው ይቻለናል፤ ያየውን ግን በፎቶግራፍ ያቆየልን የለም።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በደበደቡ ጊዜ የዓለም ጋዜጠኞች በከተማዋ ተሰብስበው ነበርና፣ ንጉሠ ነገሥቱ በአውሮፕላን መቃወሚያው መሣሪያ ላይ ተቀምጠው ወደ ሰማይ ሲያነጣጥሩ፣ ሌላ ጊዜም ያልፈነዳ ቦምብ በጫማቸው ረግጠው ቆመው የሚያሳዩት ፎቶግራፎች በዓለም ሁሉ ታተሙ። እነዚህን ፎቶግራፎች የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ልብ ይላል፤ ንጉሡ አሉ፣ መሣሪያው አለ፣ ቦምቡ አለ፣ አውሮፕላኑ ግን የለም። የካቲት 25 ቀን በኮረም አጠገብ የቀይ መስቀል ምልክት ተዘርግቶበት የነበረው፣ በዶክተር ጆን ሜሊ ይመራ የነበረው የእንግሊዝ ሐኪሞች ሰፈር ከሰማይ ተደበደበ። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን ከሆነ በኋላም ሠራዊቱ ወደ ደቡብ ሲመለስ፣ መጋቢት 26 ቀን በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ የሆነው እልቂት ተከተለ። አውሮፕላኖቹ እየተከታተሉ የሰናፍጭ ጋዝ የተባለውን መርዝ በምድርና በውሃ ላይ እንደ ጠል ባወረዱት ጊዜ፣ ጥም ያቃጠለው ሠራዊት ያንኑ ውሃ ጠጣ። የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴር ይህ መርዝ በኢትዮጵያ መጣሉን በይፋ ያመነው ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ የራያ ልጅ እንደ መሆኔ የማላልፈው መራራ እውነት አለ። በዚያው የሽሽት ሰሞን ከራያና ከአዘቦ ሕዝብ አንዳንዱ፣ ከቤተ መንግሥቱ ጋር በነበረው የቆየ ቅሬታ ምክንያት ከጠላት ጠመንጃ ተቀብሎ፣ የተመለሰውን የወገኑን ጦር ከጎንና ከኋላ ወግቷል። ይኸው ሕዝብ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በቀዳማዊ ወያኔ ዘመን፣ ከትግራይ ጋር ባመፀ ጊዜ፣ መስከረም 1936 ዓ.ም. ከኤደን የተነሡ ብሌንሃይም የተባሉ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በመንግሥቱ ጥያቄ መቀሌን ደበደቡ። ስለዚህ በእኛ አገር ላይ የአውሮፕላን ሆድ የጠላትም የወዳጅም ሆኖ ታይቷል፤ ሁለቱም በየዘመናቸው ከሥራቸው ያለውን ሰው አልጠየቁትም።

አሁን ከላይ ስላየው ካሜራ እንነጋገር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ የኢጣልያ አብራሪዎች በኢትዮጵያ ላይ እየበረሩ ያነሡት ፎቶግራፍ ብዛት 34,000 ያህል ነው። እነዚህ ፎቶግራፎች በጠንካራ ሰሌዳ ላይ እየተለጠፉ፣ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው፣ አራተኛውም ወደ ሩቁ አድማስ አግድም አይቶ፣ አራት አራት ሆነው የተሰናዱ ናቸው። ከብዙ ዘመን ዝምታ በኋላ በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ተገኝተው፣ የአገራችንና የቤልጅግ ሊቃውንት በኅብረት አጽድተው በዘመናዊ መሣሪያ ቀድተዋቸዋል፤ ዛሬም ጫካው የት እንደ ነበረ፣ ወንዙ በየት እንደ ፈሰሰ፣ እርሻው እስከ የት እንደ ወጣ ለሚመረምሩ ሰዎች ታላቅ መዝገብ ሆነዋል። ጥቅማቸውን በሙሉ ልብ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ያ ፎቶግራፍ የተነሣው ለወራሪው ጦርና አገዛዝ እንዲያገለግል ነበር፤ በውስጡ የምንታየው እኛ ቤታችንን አጥረን፣ ከብታችንን አሰማርተን፣ እንደምንታይ ሳናውቅ ነው። የዱቼው ልጅ ቪቶሪዮ ሙሶሊኒ ራሱ በዚያ ጦርነት አብራሪ ሆኖ ከዋለ በኋላ የበረራውን ትዝታ በመጽሐፍ አሳትሟል፤ ከላይ ያየው ሰው መጽሐፍም ካሜራም ነበረው፣ ከታች ያየው ግን ቃሉን ለልጆቹ ከመንገር በቀር ሌላ መዝገብ አልነበረውም።

ይሁንና ፈጽሞ ሥዕል አልነበረንም ማለት አይገባኝም። ካሜራው በሌለበት የሥዕል ሊቃውንቶቻችን በብሩሻቸው መስክረዋል፤ የማይጨውን ጦርነት የሚያሳዩ በባህላዊው አሣሣል የተሠሩ ሥዕሎች በላይኛው ጠርዛቸው ላይ አውሮፕላን ቦምብ ሲጥል ያሳያሉ። የቤተ ክርስቲያናችንን ሥዕለ አድኅኖ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ በጥንቱ ሥርዓት ጻድቃንና ሰማዕታት በሙሉ ፊት በሁለት ዐይን ሲሣሉ፣ ዐላውያንና አሳዳጆች ግን በጎናቸው በአንድ ዐይን ይሣላሉ፤ ይኸውም ምእመኑ ክፉውን ያውቀውና ይለየው ዘንድ፣ ነገር ግን ዐይን ለዐይን ገጥሞ እንዳያከብረው ነው። ይህን ሥርዓት ባሰብኩ ቁጥር የአሮጌ አውሮፕላን ፎቶግራፍ አንሺ ሥራ ምን ያህል ወደ እርሱ እንደሚቀርብ እደነቃለሁ። አውሮፕላን ሲለይ የሚለየው በጎኑ ነው፤ የአፍንጫው ርዝመት፣ የጭራው ቁመት፣ የመስኮቱ አቀማመጥ፣ በአካሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳይቀር ከጎን ሲታይ ማንነቱን ይናገራል። የሮቢቱ አባት ያላዩት ይህን ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ያንን ጎን ሲሰጣቸው፣ ሰባ ዓመት ሙሉ ስም ያልነበረውን አሳዳጅ በስሙ እንዲጠሩት ያደርጋቸዋል።

ስለዚህ «የገደለንን መሣሪያ ፎቶግራፉን እያነሡ ማሞገስ ምን ይባላል?» የሚለውን ነቀፋ ብዙ ጊዜ ብሰማውም አልቀበለውም። የሞተን ሰው ተዝካር የምናወጣው ሞትን ለማክበር አይደለም።

ሁሉም አሮጌ አውሮፕላን የጠላት እንዳልነበረ ደግሞ መዘንጋት የለበትም። ጠላት በደጅ ሳለ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪክ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ አበረራት፤ ቫልተር ቬኑስ የተባለ ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተር የተገጠመላትና በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» የተባለችው ይህች አውሮፕላን፣ በኢትዮጵያ ምድር ከተሠሩት ሁሉ የመጀመሪያይቱ ናት። ወራሪው አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ እርስዋንም ማርኮ ወደ አገሩ ወሰዳት፤ በኋላም በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ተቀምጣ፣ በጠቅላላው ከሰማንያ ዓመት በላይ በስደት ኖረች። በዚህ ሁሉ ዘመን ፀሐይን ለማየት የፈለገ ኢትዮጵያዊ የሌላ አገር ሰው ባነሣው ፎቶግራፍ ማየት ግድ ሆኖበት ነበር። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ በይፋ ተመልሳ በተሰጠች ጊዜ ደስታዬን በምን ቃል እገልጸዋለሁ! ነገር ግን ወደ አገሯ ከተመለሰች ወዲህ፣ ክንፏን ከሸፈነው ጨርቅ እስከ እያንዳንዱ ብሎኗ፣ ከላይም ከታችም ከጎንም፣ በኢትዮጵያውያን እጅ የተነሣ የተሟላ መዝገብ ሊሠራላትና ለትምህርት ቤቶች ሊበተን ይገባል እላለሁ።

የፀሐይ መንፈስ አልሞተም። አስመላሽ ዘፈሩ የተባለው ወጣት በቮልስዋገን ሞተር የምትንቀሳቀስ ትንሽ አውሮፕላን በገዛ እጁ ሠርቶ በ2007 ዓ.ም. ለሙከራ ባወጣት ጊዜ፣ ስሟን ከእናቱ ስም የመጀመሪያ ፊደልና ሠርቶ ለመጨረስ ከፈጀበት ከ570 ቀን አዋቅሮ ነበር። በዚያ ሙከራ ፕሮፔለሯ የታሰረበት ክፍል ተሰብሮ ሳትነሣ ቀረች። አንዳንድ ሰው ቢስቅም፣ እኔ ግን ያቺን መኪና መሰል በራሪ ባየሁበት ፎቶግራፍ ውስጥ ቬበርና ባልደረቦቹ የቆሙበትን ያንኑ ሜዳ አያለሁ። ያልተሳካ ሙከራ ፎቶግራፉ ካልተነሣ፣ ቀጣዩ ሰው ከመጀመሪያው ስሕተት ይጀምራል።

የአየር ኃይላችን ሰፈር ወደ ሆነችው ወደ ቢሾፍቱ ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከነጻነት በኋላ የአየር ኃይላችን ሲቋቋም፣ በማይጨው ጦርነት ጊዜ የቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበረረው ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ተመልሶ መጥቶ አስተማሪና መሪ ሆነ፤ እርሱ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. በጎዴ ሕይወቱን እስከ ሰጠበት ቀን ድረስ ስሙ ከዚህ አገር ሰማይ ጋር የተሣሠረ ነው። ከስዊድን የተገዙት ከአርባ የሚበልጡ ሳብ 17 አውሮፕላኖች ወደ ታች ጠልቀው ቦምብ የሚጥሉ ነበሩ፤ ፍጥነታቸውንም የሚገታ ሌላ ፍሬን ስለሌላቸው፣ ጎማቸውን ዘርግተው በጎማቸው መሸፈኛ ነፋሱን እየገቱ ይወርዱ ነበር። ከካናዳ ፋየርፍላይ የተባሉት፣ ከአሜሪካም ኤፍ 5 የተባሉት ተከተሉ። በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ ላይ ከሶማሊያ ሚጎች ጋር የተዋጉት እነዚህ ኤፍ 5ዎች ናቸው፤ ከአብራሪዎቹም አንዱ ለገሰ ተፈራ ተማርኮ በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ከቆየ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ።

አሁን ልብ የሚያሳዝነውን ልንገራችሁ። ከነዚያ ፋየርፍላዮች ያረጁትን በ1980ዎቹ የካናዳ ሰዎች ራሳቸው መጥተው ወደ አገራቸው ወሰዱ፤ ከእነርሱም አንዱ ዛሬ በኖቫ ስኮሺያ፣ በሺርዎተር በሚገኘው የአየር ሙዚየም ታድሶ ይታያል። የካናዳ ልጆች የኢትዮጵያን ሰማይ ለብዙ ዓመት የጠበቀችውን አውሮፕላን በጎኗ ቆመው ያያሉ፤ ፎቶግራፏንም ያነሣሉ። እነርሱን አልወቅስም፤ የእነርሱም ታሪክ ነው። ያቺ አውሮፕላን በኛ ሰማይ በበረረችበት ዘመን ሞተሯን የፈቱትና የገጠሙት፣ ክረምት ከበጋ በዘይት ተጨማልቀው ያገለገሏት ኢትዮጵያውያን መካኒኮች ግን፣ ከአጠገቧ ቆመው የተነሡት አንድ ፎቶግራፍ በልጅ ልጆቻቸው ቤት ግድግዳ ላይ አለን? ብዙዎቹ በሕይወት የሉም።

እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ የታጣበት ምክንያት ድህነት ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም አለበት። አንድ ጊዜ በአንድ የአየር ማረፊያ አጥር አጠገብ ቆሜ፣ ዘመኗ ያለፈ ጎማ የሌላት አሮጌ አውሮፕላን በሣር መካከል ተቀምጣ ሳያት፣ ካሜራዬን አነሣሁ። ዘበኛው ወዲያው ደርሶ፣ ግማሽ ቀን ካቆየኝ በኋላ ያነሣሁትን ሁሉ በፊቱ አስደምስሶ አሰናበተኝ። ስሙንም ቦታውንም አልጠራም፤ በልቤም አልተቀየምኩትም። ከላይ እንደ ተናገርኩት በአገራችን ሰማይ ካሜራ ከቦምብ ጋር የመጣ ስለ ሆነ፣ ካሜራን እንደ ሰላይ ዐይን መፍራት ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ነገር ግን የሚበርረውንና የዘመኑን የመከላከያ መሣሪያ መሰወርና፣ ሠላሳና አርባ ዓመት ሣር የበቀለባትን መሰወር አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው፤ የሁለተኛው ምሥጢር ግን የዝገቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ከአገልግሎት የወጣ አውሮፕላን ሁሉ ከሥራ ላይ ካለው ተለይቶ ይመዝገብ፤ በዓመት አንድ ቀን በቢሾፍቱ ለፎቶግራፍ አንሺዎችና ለተማሪዎች በር ይከፈት። የቀሩት አብራሪዎችና መካኒኮች ያን ዕለት ከአውሮፕላናቸው ጎን ቆመው ይነሡ፣ ቃላቸውም ይቀረጽ፤ የተሰበሰበውም ወደ ኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይግባ። ከሠላሳ አራቱ ሺህ የኢጣልያ ፎቶግራፎች ውስጥም የየአካባቢውን የሚያሳዩት ታትመው ወደ ቆቦና ወደ ሮቢት፣ ወደ ኮረምና ወደ አላማጣ ትምህርት ቤቶች ቢላኩ፣ ልጆቹ የቅድመ አያቶቻቸው ቤት ከላይ እንዴት ታይቶ እንደ ነበር ያዩ ነበር።

ሥራውን ለሚጀምሩ ወጣቶችም ከልምዴ ጥቂት ላክል። ፕሮፔለሩ የሚዞር አውሮፕላን ስታነሡ የካሜራችሁ መዝጊያ እጅግ ፈጣን ከሆነ ፕሮፔለሩ ደርቆ ቆሞ ይታያል፤ አውሮፕላኑም በክር የተንጠለጠለ መጫወቻ ይመስላል። የመዝጊያውን ፍጥነት ቀንሱት፣ የሰከንድ አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ገደማ፤ ያን ጊዜ ፕሮፔለሩ እንደ ጭጋግ ክብ ሆኖ፣ ሞተሩም ሕይወት እንዳለው ይታወቃል። በእኛ በቆላው አገር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ከምድር የሚነሣው ግለት ሥዕሉን ያንቀጠቅጠዋልና ማልዳችሁ ሂዱ። በቆመ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ቀለሙን አትመኑት፤ ፀሐይዋ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ከጎን ብታዩት፣ በአዲሱ ቀለም ሥር የተሸፈነው የድሮ ቁጥር፣ በኋላ የተለጠፈው የቆርቆሮ ጥገና፣ አንድ መካኒክ ከሃምሳ ዓመት በፊት በመዶሻ የመታው ብሎን እየጎላ ይወጣል። እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ቆዩ፤ አውሮፕላኑ እንዴት እንደ ኖረ ከዚያ ይነበባልና።

እኔ ራሴ ፈቃድ ባገኝ የማደርገውን አውቃለሁ። በመጀመሪያ ጎኗን አነሣለሁ፤ ቀጥሎ ምንጣፍ ዘርግቼ ከሥሯ በጀርባዬ እተኛለሁ፤ ካሜራዬንም በደረቴ ላይ አቁሜ፣ ክንፎቿ ግራና ቀኝ ሞልተው እስኪታዩ ድረስ ወደ ላይ አነጣጥራለሁ። ያቺን ፎቶግራፍ በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ወደ ሮቢት እወስዳታለሁ። የግራሩ አባት ዛሬ የሉም፤ ልጆቻቸው ግን አሉ፤ ግራሩም በቦታው ነው። ከላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ወደ ታች አድርጌ አስሬ፣ ከጥላው ሥር የተቀመጠ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እንዲያያት አደርጋለሁ።